ሦስቱ 1936ዎች

ያቤሎ ከዋናው የሞያሌ አስፋልት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ቀይ አፈር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ግቢ በረንዳ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ሦስት የመዳብ ሳንቲሞች ተደርድረዋል። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባና በሞያሌ መካከል ከባድ መኪና ሲነዱ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ለመኑኝ። «ሳንቲም አለው ሲባል ወርቅ አለው ይሆናል፤ ይቅርብኝ» አሉ።

«በል እስቲ፣ ዓመተ ምሕረታቸውን አንብብልኝ።»

የመጀመሪያው መሀሉ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው ግራና ቀኝ የዝሆን ጥርስ ተቀርጾበታል። 1936 ይላል። ሁለተኛው የሰው ፊት አለው፤ ጀርባው ላይ ንስር ክንፉን ዘርግቷል። እሱም 1936 ይላል፤ ከጎኑ በሮማውያን አኃዝ 14 ተጽፎበታል። ሦስተኛው የእኛው ነው፤ አንበሳው ሰንደቁን ይዟል፣ ቀኑም በግእዝ አኃዝ ፲፱፻፴፮ ነው።

ሦስቱም 1936 ቢሉም አንድ ዓመት አይደሉም። ባለ ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ስም የተመታ ነው፤ በኬንያ በኩል ድንበር ተሻግሮ ገብቷል። ባለ ንስሩ በዚያው ዓመት ጣሊያን የመታው አምስት ቼንቴዚሚ ነው፤ 14 የሚለው የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛው 1936 ግን ዓመተ ምሕረት ስለሆነ በፈረንጅ 1943 እና 1944 ላይ ይውላል፤ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱም ከንጉሠ ነገሥት በታች አልወረደም። በባለ ቀዳዳው ላይ የተጻፈው ኤድዋርድ ስምንተኛ «የሕንድ ንጉሠ ነገሥት» ይባላል፤ በባለ ንስሩ ላይ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ ገና ትኩስ በነጠቀው ማዕረግ «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ተብሏል፤ የነጠቀውም ከሦስተኛው ሳንቲም ባለቤት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው።

ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ራሱ በዘመኑ ከነበሩ ታላላቅ የሳንቲም ሰብሳቢዎች አንዱ ነበር። ስብስቡ ከመቶ ሺህ በላይ ሳንቲሞች ነበሩት፤ የጣሊያንን ሳንቲሞች የሚዘረዝረው ባለ ሃያ ቅጽ መዝገብም በስሙ ታትሟል። ዘውዱን ሲለቅ ስብስቡን ለአገሩ ትቶ ሄደ። አገር ሲነጥቅ እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ለአንዲት መዳብ ጭረት ይጨነቅ እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ኤድዋርድ ስምንተኛ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ስለለቀቀ በእንግሊዝ አገር ራሱ በስሙ ለገበያ የዋለ ሳንቲም የለም። ቀዳዳ ያላቸው የቅኝ ግዛት ሳንቲሞች ግን የንጉሥ መልክ ስለማይፈልጉ ስሙን ብቻ ይዘው ተመቱ፣ በብዛትም ተሠራጩ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ብርቅ የሆነ ስም በቦረና ገበያ በርበሬና ሻይ ቅጠል ሲገዛ ከርሟል። «ብርቅ ነው ብለው ውድ የሚጠይቁ አሉ» ይላሉ ሽማግሌው። «እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስሙ እንጂ ሳንቲሙ ብርቅ አይደለም።»

ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል? መልሱ ከዕድሜ አይጀምርም፤ ከመልክም አይጀምርም። የሚጀምረው ከከፍታው ነው።

ሳንቲም ሲመታ ቅርጹ አንድ ወጥ አይወጣም፤ የሚያብጥ አለ፣ የሚዘቅጥ አለ። እጅ፣ ኪስና ጠረጴዛ የሚነኩት ያበጠውን ነው። በእኛው 1936 ላይ ቀድሞ የሚለሰልሰው ከንጉሡ ጆሮ በላይ ያለው ጸጉርና የጉንጩ አጥንት ነው፤ በጀርባው ደግሞ የአንበሳው ጎፈርና የጭኑ እብጠት። ዘውድና ጎፈር እያልን ሳንቲም ወደ ላይ የወረወርን ሁሉ ያንኑ ጎፈር በአቧራ ላይ ስንፍቀው ነበር። ጸጉሩ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ከታየ ሳንቲሙ ብዙ አልተዘዋወረም። ጸጉሩ አንድ ጠፍጣፋ ሆኖ የጢሙ ወሰን ብቻ ከቀረ ረጅም ጊዜ ሠርቷል። ፊደላቱ ከጠርዙ ጋር ሲቀላቀሉና ከግእዙ አኃዝ ፴ እና ፮ን በጣት ካልዳበሱ መለየት ሲያዳግት፣ ሳንቲሙ መታወቂያውን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶታል።

ባለ ቀዳዳው መልክ ስለሌለው ጀማሪን ያታልላል። ፊት የለውምና ያላረጀ ይመስላል። ሽማግሌው የሚያዩት የዝሆን ጥርሶቹን ውጫዊ ጎን ነው፤ የተቀረጸው ክብነት ጠፍቶ ሜዳ ከሆነ ሳንቲሙ ደክሟል። ቀጥሎ የቀዳዳውን አፍ ያያሉ። ክር ወይም ሽቦ ለዓመታት የታሰረበት ከሆነ አንዱ ጎን ይላጋል፤ ክቡም ወደ እንቁላል ቅርጽ ያዘነብላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ ያረጀ አይደለም። መምቻው ደክሞ ከነበረ ወይም ምቱ ከላላ ጎፈሩ ከመጀመሪያውም ላይወጣ ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው ብርሃን ነው። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዞ፣ ከመስኮት በሚገባ የጎን ብርሃን ስር ቀስ ብሎ ማዘንበል ያስፈልጋል። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ የፋብሪካው ወዝ እየተሽከረከረ ካለፈ ምቱ ነው የላላው። ወዙ እዚያ ሲደርስ ከሞተና ቀለሙ ከሌላው ቦታ ከተለየ፣ የነካው እጅ ነው። አምስት ወይም አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ቀጥ ብሎ ከላይ የሚወርድ አምፖል ግን ሁሉንም ያሳምራል፤ በእሱ ስር ሳንቲም አይገዛም።

ወሬያችን እዚህ ሲደርስ አንድ ጎረምሳ ገባ። በከብት ገበያው የሚያገበያይ ደላላ ነው። ከአያቱ ሳጥን የተገኘ ሳንቲም ይዞ መጥቷል። ከወረቀት ሲፈታው እንደ አዲስ ጌጥ አብለጨለጨ፤ ሮዝማ፣ ወጥ፣ ዓይን የሚወጋ። በአመድና በሎሚ ሌሊቱን ሲፈገፍገው እንዳደረ በኩራት ነገረን።

«ጋሼ፣ አየኸው? ልክ ትናንት የተሠራ መስሏል!»

ሽማግሌው ሳንቲሙን አዘነበሉት፣ መለሱት፣ ጨርቁ ላይ አኖሩት። የምኒልክ መዳብ ነበር፤ ፲፰፻፹፱ ይላል። ቀኑ የቦረና ምድር በምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለባቸው ዓመታት ጋር ይገጥማል። በዚያን ጊዜ የመዳብ ገንዘብ በገጠር በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ሰው ያመነው ጠገራ ብርን፣ አሞሌ ጨውን፣ ጥይትን ነበር፤ እዚህ ደግሞ ከብትን። ስለዚህ የምኒልክ መዳብ በመልካም ሁኔታ ማግኘት ከ1936ቱ ሳንቲም እጅግ ይከብዳል።

«አንተ ልጅ፣ የሰንጋ ቆዳ ገፍፈህ ‹እዩት እንዴት እንደሚያበራ› ብለህ ገበያ ታወጣለህ?»

ጎረምሳው ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ቆመ።

መዳብ ከመምቻው ሲወጣ ቀይ ብርቱካናማ ነው። አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ቀይ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቸኮላታማ፣ አንዳንዴም ጥቁር ይሆናል። ይህ ሽፋን ጉድፍ አይደለም። የታችኛውን ብረት ከተጨማሪ መበላት ይጠብቀዋል፤ ፋብሪካው የተወውን ጥቃቅን መስመርም ይዞ ያቆያል። ሎሚ አሲድ ነው፤ ሽፋኑን ይበላል። አመድ ደግሞ ሸካራ ነው፤ ከአሲዱ የተረፈውን ይፍቃል። የሚቀረው ላዩ የተገፈፈ ብረት ነው፤ በመነጽር ሲያዩት በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ይታዩበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጠቁራል፤ ሆኖም ጥቁረቱ ጠፍጣፋና ድንግዝግዝ ነው፤ ጭረቶቹም ከሥሩ ይታያሉ። የመጀመሪያው ወዝ በምንም ብልሃት አይመለስም።

የገዢዎች ቋንቋም ይህን ይከተላል። ባለሙያዎች ያልተዘዋወረ መዳብን በቀለሙ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ ቀይ፣ ቀይ ቡናማ እና ቡናማ። «ቀይ» ለመባል ከመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለሙ 95 በመቶ ያህል መቅረት አለበት፤ በ5 እና በ95 በመቶ መካከል ያለው ቀይ ቡናማ ነው። በሎሚ የተገኘ ቀይ ግን እዚህ አይቆጠርም፤ የተፈገፈገ ሳንቲም ከደረጃው ሰንጠረዥ ወጥቶ «የተበላሸ» ተብሎ ለብቻው ይመደባል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ እጅ ካላበሳጨው ደረቅ ቡናማ 1936 አንዱን በአመድ ከታጠቡ አሥር ቀያዮች አልለውጥም።

በዚህ የአየር ጠባይ ቀይ ሆኖ የሚቆይ መዳብ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የቆላው ድርቀት ለሳንቲም ደግ ነው። ከመሬት በታች ካልተቀበረ፣ ላብ ካልነካው፣ እዚህ ከደጋ ይልቅ ይቆያል። ቀዩ አቧራም ቢሆን የሚያስፈራውን ያህል ጎጂ አይደለም፤ ጉዳቱ በደረቁ በጨርቅ ሲጠርጉት ነው፤ ደቃቁ አሸዋ እንደ ሞረድ ይቆርጠዋል።

ክፉ ጠላት ያለው ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ፣ ከዱብሉቅ ብዙም ሳይርቅ ነው። ኤል ሶድ። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጥልቅ ጉድጓድ ሥር ያለው ጥቁር ሐይቅ፣ ሰዎች እየጠለቁ ጨውና ጭቃውን የሚያወጡበት፣ አህያ ጭኖ ገደሉን የሚወጣበት። ጨው ነጋዴ የመዳብ ገንዘቡን በጨው ከረጢት ጫፍ ቋጥሮ ሲጓዝ ዘመናት አልፈዋል። ጨው ውስጥ ክሎራይድ አለ። ክሎራይዱ መዳቡ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል። ሲነቃ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላል፣ የተበላው መዳብ ደግሞ አሲዱን ያድሰዋል። ዑደቱ በራሱ ይዞራል፤ ሳንቲሙ እስኪቦረቦር ድረስ።

ስለዚህ አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ እንደ ቀለም ላዩ ላይ የተጣበቀ ጥቁር አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ነው፤ አንዳንድ ሰብሳቢ እንዲያውም ይወደዋል። ነጣ ያለ፣ ዱቄት የሚመስል፣ በስንጥር ሲነካ የሚረግፍ አረንጓዴ ግን ሕያው በሽታ ነው። ሽማግሌው የጠረጠሩትን ሳንቲም ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው፣ ቀን ጽፈውበት፣ ከዝናቡ ወራት በኋላ እንደገና ያዩታል። ዱቄቱ ተመልሶ ከመጣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉትም። በሙዚየም ያሉ ጠጋኞች ቤንዞትራያዞል በሚባል ኬሚካል ያስተኙታል፤ በቤት ግን ዋናው መድኃኒት ድርቀት ነው።

አንድ ሌላ አረንጓዴ ደግሞ አለ፤ የሚያጣብቅ፣ ቅባት የሚመስል። ይሄ የሚመጣው በለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ነው። ሳንቲም ለመጠበቅ ብለው የገዙት ገጽ ገጽ ያለው ፕላስቲክ አልበም ራሱ በዓመታት ውስጥ ያበላሸዋል። ንጹሕ አሴቶን ይህን ቅባት ያወጣዋል፤ መዳቡንም አይነካም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ሽቶና ዘይት ስላለበት አይሆንም።

የዓለም ገበያ እነዚህን ሁሉ በቁጥር ያጠቃልላቸዋል። ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ያወጣውም ለመዳብ ሳንቲም ነበር፣ ለጥንት የአሜሪካ ትላልቅ ሴንቶች። 1 ማለት ማንነቱ ብቻ የሚለይ ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በእጅ ያልተዘዋወረ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የደረጃ ኩባንያዎች ሳንቲምን በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይህን ቁጥር ይጽፉበታል። ሼልደን ከሞተ በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ የተሻሉ ሴንቶችን ወስዶ በራሱ ያነሱ ሴንቶች ሲተካ እንደኖረ ታወቀ። ዓይኑ ጥሩ ነበር ማለት ነው፤ እጁ ነው ያላማረው።

ቁጥሩን በያቤሎ በረንዳ ላይ ሳስበው ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። አንደኛው የእኛው 1936 ራሱ ነው። ቀኑ አንድ ሆኖ ቢቀርም በፊላደልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ድረስ በየጊዜው ተመትቷል። ስለዚህ ቀይ ሆኖ የቀረ፣ ቁጥሩ ከ60 በላይ የሚያወጣ አንድ ሳንቲም ሲገኝ ሰብሳቢው «ከጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ ሳይነካ ኖረ» ብሎ ይደነቃል፤ የተመታው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። የ1923ቱ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ያለበት አምስት መቶኛ ወይም የምኒልክ መዳብ በግማሽ ያህል ቁጥር ቢመጣ ይበልጠዋል።

ሁለተኛው በሰው እጅ የተለወጠው ነው። ሽማግሌው ከጨርቁ ሥር ክብ 25 ሳንቲም አወጡ፤ ስሙኒ። ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፣ ከመዳብ። የ50 ሳንቲሙ ብር ነበርና ክቡን ስሙኒ በብር እየለበጡ እንደ ሃምሳ የሚያሳልፉ በዙ፤ መንግሥትም በኋላ ጠርዙ ሞገድ ያለው ስሙኒ አወጣ። በሽማግሌው ስሙኒ ላይ፣ በፊደላቱ ስርጉድ ውስጥ፣ ነጭ ነገር ተጣብቋል። በሼልደን መለኪያ ይህ ጉዳት ነው፤ ሳንቲሙም ቁጥር አያገኝም። እኔ ግን ያ ነጭ ቅሪት ያለበትን ነው የምፈልገው፤ ጠርዙ ለምን እንደተሞገደ የሚያስረዳ ማስረጃ ነውና።

እንዲሁ ጌጥ ለመሆን የተበሱ፣ ማንጠልጠያ የተበየደባቸው የምኒልክ መዳቦች አሉ። ገዢው «ቀዳዳ» ብሎ ዋጋውን ይጥላል፤ ስለ ሳንቲም ሳንቲምነት ከሆነ ትክክል ነው። ግን ብየዳው የአንጥረኛ እጅ ነው፣ አንገትም ላይ ኖሯል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ሁለት ሚዛን ይፈልጋል፤ አንዱን ለሳንቲም ሰብሳቢ፣ ሌላውን ለጌጥ። ብየዳውን አውልቆ ቀዳዳውን የሚደፍን «አስተካካይ» ሁለቱንም ያጠፋል።

ስለ ጥንቱ አክሱም መዳብ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ድረስም ይመጣልና። አክሱማውያን ከሌላው ዓለም በተለየ መልኩ በአንዳንድ የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን በወርቅ ይለብጡ ነበር። ያ የወርቅ ነጥብ መቅረቱ ደረጃውን ይወስናል፤ በአሲድ የታጠበ ደግሞ ወርቁን ጭምር ሊያጣ ይችላል። ለመንገደኛ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን በቅርጽ ፈስሰው የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ጠርዛቸው ላይ የሁለት ቅርጽ መገናኛ መስመር ይታያል፤ ላያቸው ላይ የአየር አረፋ የተዋቸው ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ ፊደላቸውም ጠርዙ ስለት የለውም። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሰብሳቢ ብቻ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከተዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ጎረምሳው የምኒልክ መዳቡን መልሶ በወረቀቱ ጠቀለለ። ለአንድ የአዲስ አበባ ገዢ በቴሌግራም ፎቶውን ቀድሞ ልኮ ነበር፤ ገዢውም ፎቶውን ወዶ ጥሩ ዋጋ ጠርቷል። ሽማግሌው ለሰውየው እውነቱን እንዲጽፍለት መከሩት፤ «ታጥቧል» ብሎ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከሩቅ ለሚገዛ ሰው የሚሉትን ነገሩኝ። መዳብን በአንድ ፎቶ አትግዛ። ፍላሽ አጥፍቶ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ፊቱንና ጀርባውን እያዘነበለ አጭር ቪዲዮ ይላክልህ፤ የተፈገፈገው ወዙ አይዞርም። ጠርዙን ለብቻው አሳየኝ በለው፤ ቅጂ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ከወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ያሳይህ። ማግኔትም ያስጠጋው፤ መዳብ አይያዝም፣ የመዳብ ቀለም የተቀባ ብረት ግን ይያዛል። በመጨረሻም ከማን፣ ከየት ከተማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተገዛ ይጻፍልህ። እሳቸው ይህን የሚጽፉት በድሮ የጭነት ደብተር ላይ ነው፤ «ዕቃው» በሚለው አምድ ሥር ሳንቲሙ፣ «መነሻ» በሚለው ሥር ሜጋ፣ ሞያሌ፣ ነገሌ።